ዘፈን በወረቀት ላይ፦ ለታዳጊ ወጣቶች የተነደፉ የሦስት የሙዚቃ መጽሔቶች ታሪክ

ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ሸክም ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ወንዙን፣ አፈሩን፣ ያለውን ገንዘብና የሚገኘውን የግንባታ ዕቃ ይመረምራል። የመስመር ውበት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ንድፍ ስለሚባለው ነገር ከሙያችን ክልል ወጣ ያለ ምሳሌ ይዤ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ለታዳጊ ወጣቶች የተዘጋጁ የሙዚቃ መጽሔቶችን የመረጥሁት፣ ይኸው የሥራ ቅደም ተከተል በእነርሱም ዘንድ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ የሚታያቸው አንባቢያን ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄውን ልብ ብለን እንመልከተው። ሙዚቃ የጆሮ ነገር ነው፤ ወረቀት ግን ዲዳ ነው። ታዳጊ ወጣት በኪሱ ያለው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ያችኑ ጥቂት ገንዘብ ደግሞ ሸክላም፣ ሲኒማም፣ ጣፋጭም ይሻሟታል። የሚወደው ነገር በየወሩ ይለዋወጣል። በዚህ ላይ ወላጅና መምህር የሚያነበውን ይከታተላሉ። ታዲያ ድምፅ የሌለውን ነገር ለድምፅ ወዳጅ፣ ያውም ገንዘብ ለሌለው ገዢ፣ በተቆጣጣሪዎቹ ፊት እንዴት መሸጥ ይቻላል? ይህን ጥያቄ በጀርመን «ብራቮ»፣ በፈረንሳይ «ሳሉ ሌ ኮፓን»፣ በእንግሊዝ «ስማሽ ሂትስ» የተባሉት መጽሔቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ መልሰውታል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአዲስ አንባቢ መወለድ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአውሮፓ ራዲዮ የቤተ ሰብ ንብረት ነበረ። በሳሎን ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን ተገትሮ፣ የቤቱ ባለቤት የመረጠውን ጣቢያ ሁሉም በአንድነት ያዳምጥ ነበር። ይህን ሁኔታ የለወጡት በተለይ ሁለት የቴክኒክ ውጤቶች ናቸው። አንደኛው ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተር በ1947 መጨረሻ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ተፈለሰፈ፤ በ1954 ደግሞ በዚሁ ዕቃ የሚሠራ ትንሽ የእጅ ራዲዮ ለገበያ ቀረበ። ሁለተኛው አር.ሲ.ኤ. የተባለው ኩባንያ በ1949 ያወጣው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከረው ትንሽ ሸክላ ነው። ይህ ሸክላ ከትልቁ ይልቅ ርካሽ ስለ ነበረ ወጣቱ ከኪስ ገንዘቡ ቆጥቦ ሊገዛው ቻለ።

እንግዲህ ሙዚቃ ከሳሎን ወጥቶ ወደ መኝታ ክፍል ገባ። ታዳጊው ወጣት ከአባቱ ምርጫ የተለየ የራሱ ምርጫ ያለው ገዢ ሆነ። ይሁን እንጂ ራዲዮና ሸክላ የሚሰጡት ድምፅን ብቻ ነበር። ዘፋኙ ምን ይመስላል? ምን ይለብሳል? ከዘፈኑ ውስጥ ያልተሰማችው ቃል ምን ነበረች? ይህን ዘፈን እንደ እኔ የሚወድ ሌላ ሰው በየት አለ? እነዚህን ጥያቄዎች ድምፅ አይመልሳቸውም። የወረቀት ሥራ የሚጀምረው ድምፅ ካቆመበት ቦታ ነው። ሦስቱም መጽሔቶች የተሳካላቸው ይህን በመረዳታቸው ይመስለኛል።

«ብራቮ»፦ ከግድግዳ ላይ የቆመው ሰው

«ብራቮ» የተመሠረተው ፔተር ቦኒሽ በተባለ ጋዜጠኛ ሲሆን የመጀመሪያው እትም በነሐሴ 26 ቀን 1956 በምዕራብ ጀርመን በሙኒክ ከተማ ወጣ። የመጀመሪያው የኅትመት ብዛት 30,000 ያህል፣ ዋጋውም 50 ፌኒክ ነበር። በሽፋኑ ላይ የታየችው ተዋናይዋ ማሪሊን ሞንሮ ናት። ይህም እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ መጽሔቱ ሲመሠረት የፊልምና የቴሌቪዥን መጽሔት እንጂ የሙዚቃ መጽሔት አልነበረምና። አንባቢው ልቡን ከፊልም ተዋንያን ወደ ዘፋኞች እያዞረ ሲሄድ መጽሔቱም ተከተለው። በ1960ዎቹ ዓመታት የፖፕ ሙዚቃ ዋና ጉዳዩ ሆነ፤ በሰኔ 1966 ቢትልሶች በሙኒክ፣ በኤሰንና በሃምቡርግ ለሦስት ቀናት ሲዘፍኑ ጉዞው በመጽሔቱ ስም የተዘጋጀ ነበር።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በ1959 የተጀመረው «ሽታርሽኒት» የተባለው ሥራ ነው። ትርጓሜው «ተቆራጭ ኮከብ» እንደ ማለት ነው። የአንድ ዝነኛ ሰው ፎቶግራፍ እስከ እውነተኛ ቁመቱ ድረስ ተነፍቶ በቁርጥራጭ ይከፋፈላል፤ በየሳምንቱ እትም አንድ አንድ ቁራጭ ይወጣል፤ አንባቢው ቁርጥራጮቹን በመቀስ ቆርጦ፣ በሙጫ አያይዞ፣ ሙሉውን ሰው ከግድግዳው ላይ ያቆመዋል። የመጀመሪያዋ ፈረንሳዊቷ ተዋናይ ብሪጂት ባርዶ ነበረች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሠርት ዓመታት ከመቶ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ወጥተዋል።

ይህን ሐሳብ በሥራ ላይ ማዋል ከሚመስለው ይልቅ ከባድ ነው። ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር የሆነን ሰው 28 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባላቸው ገጾች ብንከፋፍለው ከስድስት የሚበልጡ ረድፎች ይወጡታል። በወርዱም በኩል ሁለት ሁለት ገጽ ቢፈልግ ከአሥራ ሁለት ያላነሱ ገጾች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። እነዚህ ገጾች የሚታተሙት በአንድ ቀን ሳይሆን በተለያዩ ሳምንታት ነው። የዛሬው ቀለም ካለፈው ሳምንት ጥቂት ከደመቀ ፊቱ ሌላ፣ አንገቱ ሌላ ሰው ይሆናል። መለኪያው ጥቂት ከተዛባ የቀኝ ትከሻ ከግራው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ለማተሚያ ቤቱ የሚሰጠው መመሪያ ወራትን አሻግሮ የሚያይ መሆን አለበት። ሥራውን የሚያጠናቅቀው ደግሞ በቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኮ ወረቀት የሚያጣብቅ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ነዳፊው ለሙያተኛ ሳይሆን ለዚህ ልጅ እጅ የሚገጥም ነገር መሥራት ነበረበት።

በሌላ በኩል ስንመለከተው ግን ይኸው ጥበብ የገበያ ወጥመድ ነው። አንድ ሳምንት መጽሔቱን ሳይገዛ ያለፈ ልጅ የሚወደው ጀግና ያለ ጉልበት ወይም ያለ ክንድ ይቀርበታል። የንድፉ ውበትና የንድፉ አስገዳጅነት በአንድ መቀስ የተቆረጡ ናቸው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ሳሉ ሌ ኮፓን»፦ የጓደኛ ዓይን

በፈረንሳይ መንገዱ የተጀመረው ከራዲዮ ነው። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ምድር የግል ራዲዮ ጣቢያ ማቋቋም የተከለከለ ስለ ነበረ «አውሮፓ ቁጥር 1» የተባለው ጣቢያ በ1955 ማሠራጫውን ከድንበሩ ማዶ በዛር ግዛት በፌልስበርግ ተክሎ በረጅም ሞገድ ወደ ፈረንሳይ ያስተላልፍ ነበር። በጥቅምት 1959 ዳንኤል ፊሊፓኪ «ሳሉ ሌ ኮፓን»፣ ማለትም «ሰላም ለእናንተ ጓደኞች» የተሰኘ ፕሮግራም በዚሁ ጣቢያ ጀመረ። ስሙ የተወሰደው ዝነኛው ዘፋኝ ዢልቤር ቤኮ ካወጣው ዘፈን ነው። ፕሮግራሙ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት የምሽት ሰዓት ስለሚተላለፍ፣ በእጁ ትራንዚስተር የያዘ ወጣት ሁሉ አድማጩ ሆነ።

ፊሊፓኪ ከባልደረባው ከፍራንክ ቴኖ ጋር አስቀድሞ የጃዝ መጽሔት ያሳትም ነበር፤ እርሱ ራሱም በፎቶግራፍ አንሺነት የሠራ ሰው ነው። በሐምሌ 1962 የራዲዮውን ስም የያዘ ወርኃዊ መጽሔት አወጣ። እዚህ ላይ የምናስተውለው ነገር አለ፤ አሳታሚው አንባቢን ፍለጋ አልወጣም፤ በየቀኑ በራዲዮ የሚያነጋግራቸው ወጣቶች አስቀድመው ነበሩትና። መጽሔቱም በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ደረሰ።

የመጽሔቱ የንድፍ ምሰሶ ፎቶግራፍ ነበር። ዋናው ፎቶግራፍ አንሺ ዣን ማሪ ፔሪዬ በ1940 የተወለደ ሲሆን መጽሔቱ ሲጀመር ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረ። ይህም ከሚያነሣቸው ዘፋኞች ከነጆኒ ሃሊዴይ፣ ከነፍራንሷዝ አርዲ ጋር እኩያ ያደርገዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ የዘፋኝ ምስል የሚነሣው በመድረክ ላይ ወይም በስቱዲዮ ውስጥ እንደ ሹም ተገትሮ ነበር። ፔሪዬ ግን ዘፋኞቹን ወደ ሜዳና ወደ ጎዳና አወጣቸው፤ በቀለም ያሸበረቁና ፈገግ የሚያሰኙ ሁኔታዎችን አቀናብሮ አነሣቸው። ሥዕሉን የሚያየው ወጣት ሩቅ ያለ ጌታን ሳይሆን በዕድሜ ጥቂት የሚበልጠውን ጓደኛ ያይ ነበር። የመጽሔቱ ስም የገባው ቃል በፎቶግራፉ ተፈጸመ።

በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ፔሪዬ አርባ ስድስት የፈረንሳይ ዘፋኞችን በአንድ ስቱዲዮ ሰብስቦ በአንድ ፎቶግራፍ አስገባቸው። እርስ በርሳቸው በገበያ የሚፎካከሩ፣ እያንዳንዳቸው ከፊት መቆም የሚሹ ሰዎችን በአንድ መደብ ላይ መደርደር ቀላል ሥራ አይደለም። ሥዕሉ በዚያው ዓመት በሰኔ እትም ወጣ፤ እስከ ዛሬም የዚያ ዘመን ማስታወሻ ሆኖ ይታያል።

ነገር ግን እነዚህ ሰዎችም ሸክሙን አሳንሰው የገመቱበት ቀን ነበረ። የመጽሔቱን አንደኛ ዓመት ለማክበር በሰኔ 22 ቀን 1963 ምሽት በፓሪስ በናሲዮን አደባባይ ነጻ የሙዚቃ ዝግጅት ተጠራ። አዘጋጆቹ ጠብቀው የነበሩት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ነበር፤ የመጣው ግን ከ150,000 በላይ ነው። ወጣቶቹ በዛፍና በጣራ ላይ ወጡ፤ መኪናዎች ተጎዱ፤ ዘፋኞቹ ወደ መድረኩ የደረሱት በፖሊስ ርዳታ ነበር። በማግሥቱ ጋዜጦች ቁጣቸውን አፈሰሱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የኅብረተ ሰብ ተመራማሪው ኤድጋር ሞረን በ«ለ ሞንድ» ጋዜጣ ላይ በጻፈው ትንታኔ ይህን ትውልድ «ዬዬ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ጸና። አንድ መጽሔት በየወሩ በየክፍላቸው ለብቻቸው የሚያነቡትን ወጣቶች አንድ ሕዝብ እንዳደረጋቸው በዚያ ምሽት በዓይን ታየ። የወረቀቱን ኃይል ያላወቁት ራሳቸው ሠሪዎቹ ነበሩ።

«ስማሽ ሂትስ»፦ የጠፋችው ቃል

ሦስተኛው ምሳሌ የእንግሊዙ «ስማሽ ሂትስ» ነው። መሥራቹ ኒክ ሎገን ከ1973 እስከ 1978 «ኒው ሙዚካል ኤክስፕረስ» የተባለውን የታወቀ ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጣ በዋና አዘጋጅነት የመራ ሰው ነው። ያ ጋዜጣ የሚጻፈው ከፍ ላለ ዕድሜ ነበር፤ ዐምዶቹ ረጃጅሞች፣ ቀለሙ ጥቁርና ነጭ፣ አነጋገሩም ለአዋቂ የሚስማማ ነበር። ሎገን ይህን ትቶ በ1978 ለታዳጊዎች የሚሆን መጽሔት ነደፈ። አሳታሚው ኢማፕ በለንደን ካሉት ታላላቅ ቤቶች አንዱ አልነበረም፤ የዓሣ ማጥመድና የሞተር ብስክሌት ጋዜጦችን ያወጣ የነበረ የፒተርቦሮ ከተማ ድርጅት ነው። መጽሔቱ በመላ አገሪቱ ከመሠራጨቱ በፊት በአንድ የሙከራ እትም ተፈተነ። መሐንዲስ ናሙና ሠርቶ ሳይፈትን ወደ ምርት እንደማይሄድ ሁሉ፣ እነርሱም ጥንቃቄ አደረጉ።

የሎገን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፤ በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚዘፍናቸውን ዘፈኖች ግጥም ሙሉውን ማተም ነው። የዘፈን ግጥም የሚያወጡ መጽሔቶች ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ወረቀታቸው ግን ተራ፣ ሥዕላቸውም ደብዛዛ ነበር። ሎገን ግጥሙን ጥሩ ወረቀት ላይ፣ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ አጠገብ አሳርፎ አቀረበው። ዘፈኑን በራዲዮ መቶ ጊዜ የሰማች ልጅ አንዲት ቃል ሁልጊዜ ታመልጣት ነበር፤ እነሆ፣ አሁን በእጇ ገባች። ወረቀት ከድምፅ የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ድምፅ ያልፋል፣ ወረቀት ግን ቆሞ ይጠብቃል። በእርግጥ ግጥምን ለማተም የባለ መብቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የመጽሔቱ መሠረት የተጣለው በሥዕል ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይሆን በውል ወረቀትም ላይ ነበር።

ከግጥሙ ቀጥሎ ታዳጊዎቹን የሳበው በመካከል የሚገኘው ትልቅ ፎቶግራፍ ነው። ይህ ቦታ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። በሽቦ የተሰፋ መጽሔት የሚሠራው ሉሆችን አንዱን በሌላው ውስጥ አጥፎ በመደራረብ ነው። በዚህ አሠራር ትይዩ የሆኑ ሁለት ገጾች በአንድ ያልተቆረጠ ሉህ ላይ የሚውሉት በመጨረሻው እምብርት ላይ ብቻ ነው፤ በሌላው ቦታ ሁሉ የግራውና የቀኙ ገጽ የተለያዩ ሉሆች ናቸው። ስለዚህ ሽቦው ቀና ተደርጎ ሳይቀደድ የሚወጣ ሥዕል ቢፈለግ ከመካከል ሌላ ቦታ የለውም። ከዚያም ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ከሥዕሉ ጀርባ ምን ይታተም? ከጀርባው ሌላ ተወዳጅ ዘፋኝ ቢውል ልጁ ከሁለቱ አንዱን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ መሰናበት ግድ ይሆንበታል። ዐዋቂ ሰው የማያስባት ይህች ትንሽ ኀዘን ለመጽሔት ነዳፊ ትልቅ ጉዳይ ናት።

አንባቢው ሲበዛ በወር አንድ ጊዜ ይወጣ የነበረው መጽሔት በየሁለት ሳምንቱ ይወጣ ጀመር። የአጻጻፍ ስልቱም የንድፉ አንድ ክፍል ሆነ። አዘጋጆቹ ዝነኞቹን ሲያነጋግሩ ስለ ፍልስፍናቸው ከመጠየቅ ይልቅ ማክሰኞ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይጠይቋቸው ነበር። ይህ ጨዋታ ቢመስልም ዓላማ ነበረው፤ በመጽሔቱ ውስጥ የበላይ የሚሆነው ዘፋኙ ሳይሆን አንባቢው እንዲሆን ያደርጋልና። ከ1982 እስከ 1985 በዚያ የሠራው ኒል ቴናንት ኋላ «ፔት ሾፕ ቦይስ» ከተባለው ጓድ ጋር ራሱ ዝነኛ ዘፋኝ ሆኖ በገጾቹ ላይ ወጥቷል። ሎገን በበኩሉ በግንቦት 1980 በራሱ ቁጠባ «ዘ ፌስ» የተባለውን፣ በገጽ ንድፍ ታሪክ ትልቅ ስም ያተረፈውን ሌላ መጽሔት አቋቁሟል።

ንድፍና ኃላፊነት

እስካሁን የተመለከትነው የብልኀት ታሪክ ነው። ነገር ግን ብልኀት ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ድልድይ የሚነድፍ ሰው በድልድዩ ላይ ለሚሄደው እንግዳ ሰው ሕይወት ኃላፊ ነው፤ ያ እንግዳ ግን ስሌቱን አይቶ መመርመር አይችልም። የታዳጊ መጽሔት ነዳፊም እንዲሁ ራሱን መከላከል ላልተማረ ሰው ይሠራል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ይህ ገጽ ገንዘቤን ለመውሰድ ብቻ የተሠራ ነው» ብሎ አቤቱታ አያቀርብም።

በዚህ ረገድ ወደ «ብራቮ» ልመለስ። ልጁ በየሳምንቱ እንዲገዛ የሚያስገድደውን ተቆራጭ ሥዕል ያወጣ የነበረው ይኸው መጽሔት ከ1969 ጀምሮ «ዶክተር ሶመር» የሚባል የምክር ዐምድ ከፈተ። በዚህ ስም ይጽፍ የነበረው ማርቲን ጎልድሽታይን ሐኪምና የሥነ ልቡና ባለሙያ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ወላጆች ስለ አካል ለውጥና ስለ ፆታ ጉዳይ ከልጆቻቸው ጋር አይነጋገሩም፤ ትምህርት ቤቱም ከዝምታው ገና መውጣቱ ነበር። ወጣቶቹ በብዛት ጻፉ፤ ጎልድሽታይንና ረዳቶቹም ሳይዘልፉና ሳያፌዙ መለሱ። በ1972 ለወጣቶች ጎጂ የሆኑ ጽሑፎችን የሚመረምረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በዚሁ ጉዳይ የተነሣ ሁለት እትሞችን ለወጣት እንዳይሸጡ በሚከለክለው መዝገብ አስገባቸው። የመሥሪያ ቤቱ ሥጋት ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም፤ ለሚሊዮን ልጆች የሚደርስ ገጽ እንደ ተራ ወረቀት መታየት የለበትም። ይሁንና ክልከላው ጥያቄዎቹን ሊያጠፋቸው አልቻለም፤ ዐምዱም ዐሠርት ዓመታትን ተሻግሮ ቀጠለ።

በእኔ አስተያየት በዚያ መጽሔት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ንድፍ ይህ ዐምድ ነው። ቀለም አልነበረውም፤ ማንም ቆርጦ ከግድግዳ አይለጥፈውም። ሆኖም ትክክለኛውን ሸክም ተሸከመ። ተቆራጩ ሥዕል የተነደፈው «ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት እንዴት ይመለስልን?» ከሚል ጥያቄ ነው። የምክር ዐምዱ የተነደፈው «ልጁ ማንን ይጠይቅ?» ከሚለው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያለ መጀመሪያው ጥያቄ የደመወዝና የወረቀት ዋጋ አይከፈልም፤ ያለ ሁለተኛው ግን ሥራው ከብልጠት አያልፍም።

የሦስቱ መጽሔቶች ፍጻሜም ትምህርት አለው። በነሐሴ 1981 በአሜሪካ ኤም ቲቪ የተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ሲጀመር ዘፋኙን ለማየት ወረቀት መጠበቅ ቀረ። ኢንተርኔት ሲስፋፋ የዘፈን ግጥም በነጻ የሚገኝ ነገር ሆነ፤ «ስማሽ ሂትስ» በየካቲት 2006 ተዘጋ። የ«ሳሉ ሌ ኮፓን» ትውልድም አረጀ። በአንድ ወቅት ከሚሊዮን በላይ ይሸጥ የነበረው «ብራቮ» የዛሬ ሽያጩ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ወረቀቱ የተሸነፈው ንድፉ ስለ ከፋ አይደለም፤ ይሸከመው የነበረው ሸክም ወደ ሌላ ድልድይ ስለ ተዛወረ ነው።

ዛሬ ያንን ሸክም የተሸከሙት በአብዛኛው የእኛው ሙያ ውጤቶች ናቸው። ለታዳጊው ዘፈኑን፣ ሥዕሉን፣ ግጥሙንና ጓደኛውን በአንድ ላይ የሚያቀርብለትን የእጅ ስልክና በውስጡ ያለውን ፕሮግራም የሠራው መሐንዲስ ነው። በየሳምንቱ አንድ ቁራጭ እየሰጠ ልጁን ያስከትል የነበረው የ1959ኙ ጥበብ አሁን በየደቂቃው ይሠራል። ተቆራጩ ሥዕል ቢያንስ መጨረሻ ነበረው፤ እግሩ ከተለጠፈ በኋላ ሰውየው ይሞላል፣ ልጁም መቀሱን ያስቀምጣል። በአዲሱ መሣሪያ ላይ ግን ሥዕሉ እንዳይሞላ ተደርጎ ተነድፏል። ስለዚህ በሥዕል ጠረጴዛም ሆነ በኮምፒዩተር ፊት ለወጣት የሚሠራ ባልደረባ ሁሉ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ከስሌቱ በፊት ጽፎ ቢያስቀምጣቸው መልካም ነው፤ «እንዴት ይመለስልን?» ለሚለው መልስ የሚሰጡ ብዙ ናቸውና፣ «ማንን ይጠይቅ?» የሚለው እንዳይዘነጋ።